ኖርሶክ ኤም-506፦ የቧንቧ ዝገት ማስሊያው የሚታመነው ፒኤቹ ሲታመን ነው

ከጉድጓድ የሚወጣ ዘይትና ጋዝ ብቻውን አይመጣም። ውሃ ይከተለዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል፣ የካርበን ስቲል ቧንቧም ከውስጥ መሳሳት ይጀምራል። ቧንቧው ገና ሳይገዛ መሐንዲሱ የሚጠየቀው «በዓመት ስንት ሚሊሜትር ይሳሳል?» ተብሎ ነው። የግድግዳው ውፍረት፣ የኬሚካሉ ወጪ፣ አንዳንዴም ተራውን ብረት ትቶ ዝገት በማይደፍረው ውድ ብረት መሥራት ወይም አለመሥራት በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

ኖርሶክ ኤም-506 ይህን ቁጥር የሚያወጣ፣ ከኖርዌይ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ደንብ ጋር የመጣ ማስሊያ ነው። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፣ ቀመሩ ያልተደበቀ ነው፣ ወሰኑን ራሱ ይናገራል። በቧንቧ ዲዛይን ወይም ጥገና ላይ የሚሠራ ሰው ሊኖረውና ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል። ይሁን እንጂ የሚሰጠው መልስ ካስገቡለት ፒኤች፣ ማለትም ከውሃው የአሲድነት ልክ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)፣ የተሻለ ሊሆን አይችልም፤ ስሌቶች በብዛት የሚበላሹትም እዚያው ላይ ነው።

ሞዴሉን ያቋቋሙት የኖርዌይ የነዳጅ ኩባንያዎቹ ስታትኦይል፣ ኖርስክ ሃይድሮና ሳጋ ፔትሮሊየም ናቸው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሁለተኛው በ2005፣ ሦስተኛው በ2017 ወጥቷል። መሠረቱ በኦስሎ አቅራቢያ በሼለር በሚገኘው የኢነርጂ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራ ሙከራ ነው፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቧንቧ ቀለበት ውስጥ እንዲዞር ተደርጎ የብረቱ መሳሳት ተለካ። ስለዚህ ቀመሩ ከኬሚስትሪ ሕግ ተነሥቶ ወደ ላይ የተገነባ አይደለም። በላብራቶሪ የታየውን በቁጥር አሥሮ ያስቀመጠ ነው። ከተለካበት ክልል ውስጥ እስካሉ ድረስ ጠንካራ ነው፤ ከዚያ ሲወጡ ግን የሚይዙት ነገር የለም።

ክልሉም ይህ ነው፦ ሙቀት ከ5 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች ከ3.5 እስከ 6.5፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊውጋሲቲ (ለጋዙ እውነተኛ ጠባይ የተስተካከለ ከፊል ግፊት) ከ0.1 እስከ 10 ባር፣ ፈሳሹ ሲፈስ በግድግዳው ላይ የሚያሳርፈው የፍትጊያ ጫና፣ ሸር ስትሬስ፣ ከ1 እስከ 150 ፓስካል።

ፕሮግራሙ የሚሠራው በኤክሴል ማክሮ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ማክሮው በዊንዶውስ ስለሚታገድ ሲከፈት የሞተ ሊመስል ይችላል። ኤክሴልን ዘግቶ፣ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ከፍቶ፣ በፕሮፐርቲስ ገጽ ላይ እገዳውን ማንሣት ይበቃል። ገጽታው ያረጀ ነው፤ ግን የሚጠይቀው ሁሉ በአንድ ቦታ ስለሚታይ አይደናገርም።

ከ20 ዲግሪ ጀምሮ ያለው ቀመር የአራት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው ለየሙቀቱ የተሰጠ ቋሚ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ፊውጋሲቲው በርቢ 0.62 ነው። ሦስተኛው የሸር ስትሬስ ውጤት፣ አራተኛው የፒኤች ውጤት ነው። የእያንዳንዳቸው ክብደት እኩል አለመሆኑን ለማየት አንድ ጉዳይ በእጅ እናስላ።

ግፊቱ 80 ባር፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ፣ በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.5 በመቶ ይሁን። ከፊል ግፊቱ 2 ባር ይሆናል። በዚህ ግፊት ጋዙ እንደ ተስማሚ ጋዝ ስለማይሆን ማስሊያው 2ን በ0.82 ገደማ አባዝቶ ፊውጋሲቲውን ወደ 1.63 ባር ያወርደዋል። የ60 ዲግሪ ቋሚ ቁጥር 10.695 ነው። ሸር ስትሬሱን 19 ፓስካል እናድርገው፤ ቀመሩ ራሱ 19ን መነሻ ስላደረገ በዚያ ዋጋ ላይ ውጤቱን አይለውጥም። አሁን የቀረው ፒኤች ብቻ ነው። በፒኤች 3.9 መልሱ 16.3 ሚሊሜትር በዓመት ይመጣል። በ5 ወደ 9.7 ይወርዳል፣ በ5.5 ወደ 5.5፣ በ6 ወደ 2.8፣ በ6.5 ደግሞ ወደ 1.1። ያው ቧንቧ፣ ያው ጋዝ፣ ያው ሙቀት፤ ልዩነቱ ግን 15 እጥፍ ገደማ ነው።

ከዚህ ጋር ሌሎቹን ያነጻጽሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በእጥፍ ቢጨምር መልሱ በ1.5 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሸር ስትሬሱ ከ19 ወደ 76 ፓስካል፣ ማለትም በአራት እጥፍ ቢያድግ፣ ጭማሪው 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም የፍሰት ፍጥነትንና የቧንቧ ሻካራነትን ለማጣራት ቀናት ተሰጥተው፣ የውሃው ናሙና ግን ከአንድ አሮጌ ሪፖርት ተቀድቶ የሚገባበት ስሌት ብዙ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

እንግዲህ ፒኤቹ ከየት ይምጣ? ከላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አይምጣ። ናሙናው ከቧንቧው ወጥቶ ግፊቱ ሲለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየተነነ ይወጣል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል። ላብራቶሪው 7.5 ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ የጻፈው ግን የጠርሙሱን ውሃ እንጂ የቧንቧውን አይደለም። ማስሊያው ራሱ በቧንቧው ግፊትና ሙቀት ፒኤቹን ከባይካርቦኔት (በውሃው ውስጥ ሟሙቶ አሲዱን ከሚያለዝበው ንጥረ ነገር) እና ከጨዋማነት እንዲያሰላ ነው መተው ያለበት። ከላይ ባለው ጉዳይ ባይካርቦኔት ምንም ከሌለ፣ ማለትም ውሃው ከጋዙ ቀዝቅዞ የተንጠባጠበ ንጹሕ ውሃ ከሆነ፣ ፒኤቹ 3.9 ገደማ ነው። በሊትር 100 ሚሊግራም ባይካርቦኔት ወደ 5 ያደርሰዋል፣ 270 ሚሊግራም ገደማ ወደ 5.5፣ 6 ለመድረስ ደግሞ ከ850 ሚሊግራም በላይ ያስፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች የጨዋማነትን ውጤት ሳይጨምሩ የተሰሉ ስለሆኑ ለማመዛዘኛ እንጂ ለዲዛይን አይውሉም።

ባይካርቦኔቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙ ላብራቶሪዎች የሚለኩት ባይካርቦኔትን ለይተው ሳይሆን የውሃውን ጠቅላላ አልካላይኒቲ፣ ማለትም አሲድን የማለዘብ አቅሙን ነው። አሲድ እያንጠባጠቡ ወደ ፒኤች 4.3 አካባቢ ሲያወርዱት ባይካርቦኔቱ ብቻ ሳይሆን በውሃው ውስጥ ያለው አሲቴትም (ከአሴቲክ አሲድ የሚመጣው) ከግማሽ በላይ አብሮ ይቆጠራል። ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውሃ ውስጥ አሲቴት በመቶዎች ሚሊግራም ሊገኝ ስለሚችል የሌለ ባይካርቦኔት በወረቀት ላይ ይታያል፣ የሚሰላው ዝገትም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ላብራቶሪው አሲቴትንና ሌሎች ኦርጋኒክ አሲዶችን ለብቻ እንዲለካ ማዘዝና ከአልካላይኒቲው ላይ መቀነስ። ሪፖርቱ ላይ ኦርጋኒክ አሲድ የሚል መስመር ከሌለ ስሌቱን ከመጀመር ይልቅ ስልክ መደወል ይሻላል።

ሌላው በጥንቃቄ የሚነካ ምርጫ ውሃው በብረት ካርቦኔት እንደ ጠገበ፣ ማለትም ከዚያ በላይ ሊያሟሟ እንደማይችል አድርጎ የማስላቱ ነው። ብረቱ ሲበላ የሚለቀው አይረን በውሃው ውስጥ ተከማችቶ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ እውነት ነው። ረጅም መስመር ላይ፣ አዲስ ውሃ ሳይጨመር ብዙ ኪሎ ሜትር ለተጓዘ ውሃ ምርጫው ተገቢ ነው። በመስመሩ መግቢያ ላይ ግን፣ ጋዙ ገና ትኩስ ሆኖ አዲስ ውሃ ያለማቋረጥ በሚንጠባጠብበት ቦታ፣ ያ ውሃ ለመጥገብ ጊዜ አላገኘም። እዚያ ላይ ይህን መምረጥ መጥፎውን ኪሎ ሜትር ጥሩ አስመስሎ ያሳያል። አንድ መስመር በአንድ ስሌት አይሸፈንም፤ መግቢያው ሳይጠግብ፣ ከዚያ ርቆ ያለው ጠግቦ፣ ሁለት ጊዜ መሰላት አለበት።

ሙቀት ላይ ሞዴሉ ዘጠኝ ነጥቦች ብቻ አሉት፦ 5፣ 15፣ 20፣ 40፣ 60፣ 80፣ 90፣ 120 እና 150 ዲግሪ። በመካከላቸው ያለው በቀጥታ መስመር ይሞላል። የዚህ አሠራር ድክመት በሁለት ቦታ ጎልቶ ይወጣል። አንዱ በ15 እና በ20 ዲግሪ መካከል ነው። በ15 ዲግሪ ቋሚው 1.59፣ የፊውጋሲቲው ርቢም 0.36 ነው፤ በ20 ዲግሪ ቋሚው በአንዴ ወደ 4.762፣ ርቢው ወደ 0.62 ይዘላል። ፊውጋሲቲውን 1.63፣ ፒኤቹን 5 ብናደርግ በ15 ዲግሪ 1.5 ሚሊሜትር፣ በ20 ዲግሪ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ተፈጥሮ በአምስት ዲግሪ ልዩነት እንዲህ አትዘልም። የሰሜን ባሕርን የመሰለ ቀዝቃዛ የባሕር ወለል ላይ ለተዘረጋ መስመር ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ሙቀቱ 17 ነው ወይስ 19 በሚል ክርክር የግድግዳ ውፍረት ሊወሰን ይችላል። በዚያ ክልል ውስጥ ሲሆኑ የ20 ዲግሪውን መልስ መያዝ ነው የሚመከረው።

ሁለተኛው ከ80 ወደ 90 ዲግሪ ሲሄድ ነው። ቋሚው ከ9.949 ወደ 6.250 ይወርድና በ120 እንደገና ወደ 7.770 ይወጣል። መውረዱ ምክንያት አለው፦ በከፍተኛ ሙቀት ብረት ካርቦኔት በግድግዳው ላይ ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ ብረቱን ይሸፍናል። ግን ቅርፊቱ ሁልጊዜ በደንብ አይያዝም። አሸዋ ሲፍቀው ወይም የፍሰቱ ውሃ ፒኤች ሲወርድ በቦታ በቦታ ይላጣል፣ የተላጠችው ነጥብም ከዙሪያዋ በብዙ ፈጥና ትቆፈራለች። ማስሊያው የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ነጥብ ጉድጓድ አይደለም።

ሞዴሉ የማይሠራባቸውን ቦታዎች ደንቡ ራሱ ጽፏቸዋል፣ ግን አዲስ ተጠቃሚዎች ሳያነቡ ያልፏቸዋል። የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከፊል ግፊት ከ0.5 ባር ከበለጠ፣ ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፊል ግፊት ከሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 20 እጥፍ ካነሰ፣ ቀመሩ ተፈጻሚ አይሆንም። ኦርጋኒክ አሲዱ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን መቶ እጅ) በልጦ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፊል ግፊት ከ0.5 ባር ካነሰም እንዲሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚገኘው ጎምዛዛ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበት ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክልል ውጭ ይወድቃል። ኳታር ወይም አቡ ዳቢ ላይ የሚሠራ ሰው ኤም-506ን ከመክፈቱ በፊት ይህን ንጽጽር ማየት አለበት። ፕሮግራሙ ቁጥር ከመስጠት አይታቀብም፣ ቁጥሩ ግን ለዚያ ጋዝ ትርጉም የለውም።

ግላይኮል፣ መስመሩ በበረዶ መሰል ነገር እንዳይዘጋ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ ሲገባ ማስሊያው የሚያደርገው ቅናሽ ጥሩ ነው፤ 50 በመቶ ግላይኮል መልሱን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። ከላይኛው ግድግዳ ላይ ቀዝቅዞ በሚንጠባጠብ ውሃ የሚመጣውን ዝገት ግን አያሰላም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው የኢንሂቢተሩ ስሌት ነው። ኢንሂቢተር ብረቱን በስስ ሽፋን የሚጋርድ ኬሚካል ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች «ቅልጥፍናው 95 በመቶ ነው» ብለው መልሱን በ0.05 አባዝተው ያርፋሉ። ኬሚካሉ ሁልጊዜ ቧንቧው ውስጥ አለ ማለት ግን አይደለም፤ ፓምፕ ይቆማል፣ ታንክ ባዶ ይሆናል፣ ቫልቭ ተዘግቶ ይረሳል። ትክክለኛው መንገድ ቅልጥፍናን ሳይሆን ኬሚካሉ የሚገኝበትን ጊዜ ማስላት ነው። ኬሚካሉ ባለበት ጊዜ 0.1 ሚሊሜትር በዓመት፣ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ከላይ በፒኤች 5 ያገኘነውን ሙሉውን 9.7 ሚሊሜትር እንውሰድ፤ ዕድሜው 25 ዓመት ይሁን። ኬሚካሉ 95 በመቶውን ጊዜ ካለ፣ ባለበት ጊዜ የሚሄደው 2.4፣ በሌለበት ጊዜ የሚሄደው 12.1፣ ድምሩ 14.5 ሚሊሜትር ነው። 99 በመቶውን ጊዜ ካለ ግን ድምሩ 4.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አምስት በመቶ በዓመት 18 ቀን፣ አንድ በመቶ ደግሞ 4 ቀን የማይሞላ የፓምፕ መቆም ነው። ለዝገት የሚተወው ተጨማሪ ውፍረት ከ10 ሚሊሜትር ካለፈ ካርበን ስቲልን መተው ነው የሚሻለው። ስለዚህ የቧንቧውን ዓይነት የሚወስነው ከኬሚካሉ ጥራት ይልቅ መለዋወጫ ፓምፕ መኖሩና የታንኩን ደረጃ በየቀኑ የሚያይ ሰው መመደቡ ነው። ይህ ስሌት በኤም-506 ውስጥ የለም። በጎን ባለ ገጽ ላይ መጨመር አለበት፤ የሚጎድለው ትልቁ ነገርም ይህ ነው።

ማስሊያው ስንት እንጂ የት አይልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2000 በኒው ሜክሲኮ በካርልስባድ አቅራቢያ ባለ 30 ኢንች የጋዝ መስመር ፈንድቶ 12 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ያገኘው ምክንያት ከባድ የውስጥ ዝገት ነበር። የሚጓዘው ጋዝ ነበር፣ ግን ፈሳሽ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ግድግዳውን በላው። በአላስካ ፕሩዶ ቤይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ከ34 ኢንች የዘይት መስመር 5,000 በርሜል ገደማ ሲፈስ ደግሞ ቀዳዳዋ ከአንድ ኢንች ያነሰች ነበረች። እዚያ ፍሰቱ ዘገምተኛ ስለነበረ ደለልና ውሃ ከታች ተቀምጠው ነበር፣ መስመሩም ከ1998 ወዲህ በስማርት ፒግ፣ በቧንቧው ውስጥ እየተጓዘ ግድግዳውን በሚለካ መሣሪያ፣ አልታየም። ባክቴሪያም ሆነ ደለል ሥር የሚመጣ ዝገት በኤም-506 ቀመር ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ከማስሊያው ጎን የመስመሩ ከፍታና ዝቅታ ካርታ መቀመጥ አለበት፤ ዳገት የሚጀምርበት፣ ውሃ ወደ ላይ መገፋት የማይችልበት ነጥብ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፣ መጀመሪያ የሚቆፈረውም እዚያ ይሁን።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚታወቀው የደ ቫርድና የሚሊያምስ ቀመር በካልኩሌተር ይሰላል፤ በላይኛው ጉዳያችን 7.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሰጣል። ፒኤች ስለማይጠይቅ ለመጀመሪያ ግምት ይመቻል፣ ከዚያ ለሚያልፍ ግን አይበቃም። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፍሪኮርፕ ደግሞ እንደ ኤም-506 ነጻ ነው። ኬሚስትሪውን ከሥር ስለሚያሰላ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አሴቲክ አሲድ ሲኖሩ ይበልጣል። ኤም-506ን ለዲዛይን፣ ፍሪኮርፕን ለማመሳከሪያ አድርጎ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። መልሶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ከተራራቁ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ በግብዓቱ ውስጥ ነው፤ ባይካርቦኔቱን መጀመሪያ ያዩት።

መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስሌቱን በመለኪያ ማረጋገጥ ይመጣል፣ እዚህም የማይቻል ነገር ይጠበቃል። የማግኔት ስማርት ፒግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትክክለኛነት የግድግዳውን ውፍረት 10 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፣ ያውም በ80 በመቶ መተማመን። ግድግዳው 12.7 ሚሊሜትር ከሆነ ስህተቱ 1.27 ሚሊሜትር ነው፤ በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተልኮ የሁለቱ ልዩነት ሲወሰድ የስህተቱ ድምር ወደ 1.8 ሚሊሜትር ያድጋል፣ በዓመት 0.36 ማለት ነው። ኢንሂቢተሩ 0.1 ላይ ይዞታል የሚለውን ተስፋ በዚህ መሣሪያ በአምስት ዓመት ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም። ለዚያ ኩፖን (ቧንቧው ውስጥ ተተክሎ መሳሳቱ የሚለካ ቁራጭ ብረት) ወይም ኤሌክትሪክ ፕሮብ (መሳሳቱን በኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ ከቧንቧው ታች፣ ውሃው በሚሄድበት ቦታ ተተክሎ። ከላይ የተተከለ ኩፖን ዘይቱን ወይም ጋዙን እየነካ ለዓመታት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ውሃው ግን ከሥሩ ያልፋል።